በጣት የሚነበብ ቃል፦ የብሬል ማተሚያን ስለ ማስተካከል የተዘጋጀ ትምህርት

ለንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40፤ የማርቆስ ወንጌል 10፥46-52፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥6-12፤ ኦሪት ዘዳግም 27፥18

 

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ስለ ዘር እህል፣ ስለ ምንጭ ማጎልበትና ስለ ሕክምና የሚናገር ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ማሽን ልናስተምራችሁ ወደድን። ይኸውም የብሬል ማተሚያ የሚባለው ነው። ይህ ማሽን ከኮምፒዩተር የተቀበለውን ጽሑፍ በወፍራም ወረቀት ላይ በጎበጡ ነጥቦች እየወጋ ያወጣል፤ ዓይነ ስውር የሆነ ሰውም ነጥቦቹን በጣቱ ዳስሶ ያነባል። ማሽኑ በእናንተ ስጦታ የተገዛ ነውና እንዴት እንደሚሠራ፣ እኛም በእርሱ ላይ እንዴት እንደ ተሳሳትን ልትሰሙ ይገባችኋል።

በአንገቱ የሆነው ነገር

አንገቱ በባሌ የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሮቤና ከጎባ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ ያቋርጣል። ከዚያ የተራራው ብርድና ጉም ወደ ኋላ ይቀርና መንገዱ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን ይገባል። በደኑ ውስጥ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

በዚያ አካባቢ ከቤተ ሰቡ ጋር በቡናና በማር ሥራ የሚኖር፣ በሰንበትም በጸሎት ቤት የሚያስተምር አንድ ዓይነ ስውር ወንድም አለ። በልጅነቱ ከአገሩ ርቆ በአዳሪ ትምህርት ቤት ብሬል ተምሯል። ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ግን ለ11 ዓመት የሚያነበው አንዳች ነገር አላገኘም። የሚያስተምረውን ሁሉ ሌሎች ሲያነቡለት ሰምቶ በቃሉ የያዘው ነበር። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በአማርኛ ብሬል አትመን ላክንለት። እጅግም ደስ አለን፤ ፎቶግራፍም አነሣን።

ከሦስት ወር በኋላ ልንጠይቀው ወረድን። ንባቡ እንዴት እንደ ሆነ ስንጠይቀው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደኅና ነው» ብሎ ዝም አለ። ቡና ስታፈላ የነበረችው ባለቤቱ ግን፣ «ማታ ማታ ያነሣዋል፤ ጥቂት ይዳስስና መልሶ ያስቀምጠዋል» አለችን። እርሱም አንገቱን ደፍቶ እንዲህ ሲል ነገረን፦

«ወንድሞቼ፣ ይህን ያህል ደክማችሁ ስታመጡልኝ ላሳዝናችሁ አልፈለግሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። መቆፈሪያ የለመደ ጣት ፊደል ይረሳል። ጌታ፣ ክርስቶስ፣ ብርሃን የሚሉትን አነባለሁ። ሰላም፣ ሕይወት፣ ኢየሱስ የሚሉት ግን ጣቴ ሥር ይጠፉብኛል።»

ከመካከላችን ብሬል የሚያነብ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ምን እንደምንመልስለት አላወቅንም። ከጽሑፉ ጥቂት ገጽ ይዘን ተመለስንና ብሬል ጠንቅቀው ለሚያውቁ አንድ ዓይነ ስውር መምህር አሳየናቸው። መምህሩ ሁለት መስመር ከዳሰሱ በኋላ፣ «የሰውዬው ጣት ደኅና ነው፤ የታመመው ማሽናችሁ ነው» አሉን። ያ ወንድም ሦስት ወር ሙሉ በእኛ ጥፋት ራሱን ሲወቅስ ኖሯል።

ጥፋቱም ኮምፒዩተሩና ማተሚያው አለመግባባታቸው ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከመጀመሪያው እንነሣ።

ብሬል ምንድን ነው?

የብሬል ጽሕፈት የተሰየመው በፈረንሳዊው በሉዊ ብሬል ስም ነው። ሉዊ እ.ኤ.አ. በ1809 ከፓሪስ ብዙ በማይርቅ ኩቭሬ በሚባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው በአባቱ የሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተላልፎ ፈጽሞ ታወረ። ይህ ልጅ ገና የ15 ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ስድስት ነጥብ ያለውን ጽሕፈት ፈለሰፈ፤ በ1829ም በመጽሐፍ አሳተመው። ዓይኑን ያጠፋው ወስፌ ነበር፤ ዓይነ ስውራን በእጅ የሚጽፉበት መሣሪያም ወስፌ የመሰለ፣ ወረቀት የሚወጋ ሹል ብረት ነው።

አንድ የብሬል ቤት፣ ሴል የሚባለው፣ ስድስት ነጥብ ይይዛል። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ በኩል ደግሞ 4፣ 5፣ 6 ተብለው ይቈጠራሉ። ነጥቦቹን በማውጣትና በመተው 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይገኛሉ፤ ባዶው ሲጨመር 64 ይሆናል። ብዙ የዓለም ቋንቋዎች በእነዚህ ይጻፋሉ።

በአገራችን ይህን ትምህርት ሲሰጡ ከኖሩት መካከል የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና ከባሌ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሻሸመኔ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነቷ የተማረችው በሻሸመኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከሕዝባችን 1.6 ከመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ብሬል የመማር ዕድል ያገኙት እንኳ ትምህርት ቤቱን ሲጨርሱ የሚያነቡት ነገር ያጣሉ። ማተሚያውም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፊደላችን በብሬል እንዴት ይጻፋል?

እኛ በዓይን የምናነበው ፊደል ድምፁንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ አጣምሮ ይይዛል። በአማርኛ ብሬል ግን ሁለቱ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ አስቀድሞ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው። ለምሳሌ የ«ለ» ቤት ተነባቢ ነጥብ 1፣ 2፣ 3 ነው። ሰባቱም እንደሚከተለው ይሆናሉ፦

ለ (ግዕዝ)፦ 123 ቀጥሎ 26
ሉ (ካዕብ)፦ 123 ቀጥሎ 136
ሊ (ሣልስ)፦ 123 ቀጥሎ 24
ላ (ራብዕ)፦ 123 ቀጥሎ 1
ሌ (ኃምስ)፦ 123 ቀጥሎ 15
ል (ሳድስ)፦ 123 ብቻ
ሎ (ሳብዕ)፦ 123 ቀጥሎ 135

ሳድስ አናባቢ ስለማይጨመርለት አንድ ሴል ብቻ ይወስዳል፤ የቀሩት ሁለት ሁለት ይወስዳሉ። ስለዚህ በዓይን ሦስት ፊደል የሆነው «ሰላም» በብሬል አምስት ሴል ነው፤ ይኸውም 234፣ 26፣ 123፣ 1፣ 134 ነው። በዚህም ምክንያት አንድ የታተመ የአማርኛ ገጽ በብሬል ከሁለት ገጽ በላይ ይሆናል። ትንሽ መጽሐፍ ትልቅ ጥራዝ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ወረቀትም የምንለምናችሁ ስለዚህ ነው።

ከኮምፒዩተር እስከ ወረቀት

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚከተሉትን ስድስት ደረጃዎች በየጣቢያው ላሉ ሠራተኞቻችን አስተምረናል። ማተሚያ ያላችሁ ጉባኤያትና ትምህርት ቤቶችም ብትከተሏቸው ትጠቀማላችሁ።

1ኛ. ጽሑፉን አዘጋጁ። ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆን አለበት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ በስክሪን ላይ አማርኛ ቢመስልም በውስጡ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተደበቁበት ነው፤ ወደ ብሬል ሲተረጎምም ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣል። ለመፈተን ፎንቱን ወደ ተራ የላቲን ፎንት ለውጡት። ፊደሉ ወደተዘበራረቀ ላቲን ከተለወጠ ጽሑፉ አሮጌ ነውና አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ያለበት የቆየ ጽሑፍ ከሆነም ሁለት ነጥቡን አውጥታችሁ ባዶ ቦታ ተኩበት። ሥዕል ካለ በአጭር ቃል ግለጹት።

2ኛ. የመተርጎሚያውን ሠንጠረዥ ምረጡ። ጽሑፉን ወደ ነጥብ የሚለውጠው ሶፍትዌር ነው። ከታወቁት መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የዳክስበሪ ድርጅት ሶፍትዌር ሲሆን አማርኛን ያውቃል፤ ይህ በዋጋ የሚገዛ ነው። ሌላው ሊብሉዊ የሚባለው ነው። ይህኛው ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከጀማሪዎቹ ዋነኛው ጆን ቦየር ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሰው ነበሩ። በሊብሉዊ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ አለ፤ ብሬልብላስተርን የመሰሉ ሌሎች ፕሮግራሞችም ሊብሉዊን ይጠቀማሉ። የትኛውንም ብትይዙ ለአማርኛ ጽሑፍ የአማርኛውን ወይም የኢትዮጵያውን ሠንጠረዥ መምረጣችሁን አረጋግጡ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ራሱ የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛውን ነው።

3ኛ. የገጹን ልክ ወስኑ። ሴሎች ከመሐል እስከ መሐል 6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መስመሮችም 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። 11.5 ኢንች ስፋትና 11 ኢንች ቁመት ያለው የተለመደው የብሬል ወረቀት በመስመር 40 ሴል፣ በገጽ 25 መስመር ይይዛል። ኤ4 ወረቀት ግን ስፋቱ 210 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የጥራዝ ኅዳግ ከተተወለት በኋላ ከ30 ሴል ብዙ አይበልጥም። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በሶፍትዌሩ የተጻፈው ቍጥርና በማሽኑ ውስጥ የተያዘው ቍጥር አንድ ይሁን።

4ኛ. ማሽኑን ለሶፍትዌሩ አስተዋውቁ። በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ የማሽናችሁን ስምና ሞዴል በትክክል ምረጡ። ለምሳሌ በስዊድን ከሚሠሩት የኢንዴክስ ማሽኖች መካከል ቤዚክ የሚባለው ተያያዥ ወረቀት ሲጎትት፣ ኤቨረስት የሚባለው ነጠላ ወረቀት ይወስዳል፤ የአንዱ ምርጫ ለሌላው አይሆንም። ማሽናችሁ በዝርዝሩ ከሌለና የተተረጎመውን ፋይል በቀጥታ መላክ ካስፈለገ በዊንዶውስ ውስጥ ጽሑፍ ብቻ የሚያስተላልፈውን ተራ ድራይቨር ተጠቀሙ፤ ሌላው ድራይቨር ፊደሉን እንደ ሥዕል ሊልከው ይችላልና። አንዳንድ ማሽኖች ደግሞ ራሳቸው የመተርጎም ችሎታ አላቸው። ሶፍትዌሩ ከተረጎመ ማሽኑ ዳግመኛ እንዳይተረጕም ይህን ችሎታውን ዝጉት።

5ኛ. የፊደል ሠንጠረዡን አስማሙ። የእኛ ስሕተት የነበረው እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን ለማሽኑ የሚልከው በተራ የኮምፒዩተር ምልክቶች ነው። ለ64ቱ የነጥብ ቅርጾች 64 ምልክቶች አሉ። በብዛት በሚሠራበት በአሜሪካው አሠራር መሠረት «ሰላም» ለማሽኑ የሚላከው ኤስ፣ የ5 ቍጥር፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሆኖ ነው። የ5 ቍጥር እዚህ አምስት ማለት አይደለም፤ ነጥብ 26ን ያመለክታል። የአውሮፓ አገሮች ግን የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ማሽኑ በሌላ አገር አሠራር ተይዞ ከቆየ ኤስን፣ ኤልን፣ ኤንና ኤምን በትክክል ያወጣል፤ እነዚህ በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸውና። ቍጥሩን ግን ወደ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል። እንግዲህ ነጥብ 26 በአማርኛ የግዕዝ አናባቢ ነው። ስለዚህ ለ፣ በ፣ ከ፣ የ፣ ሰ፣ ወ፣ እንዲሁም የመሰሏቸው ሁሉ ይበላሻሉ፤ ካዕቡ፣ ሣልሱ፣ ራብዑ፣ ኃምሱና ሳብዑ የላቲን አናባቢዎችን ቅርጽ የያዙ ስለሆኑ ደኅና ይወጣሉ።

አሁን የአንገቱ ወንድማችን የነገረንን አስታውሱ። ጌታ፣ ክርስቶስና ብርሃን በሚሉት ቃላት ውስጥ ግዕዝ የለም። በሰላም ውስጥ ሰ፣ በሕይወት ውስጥ ወ፣ በኢየሱስ ውስጥ የ አለ። እርሱ ስለ ጣቱ ድካም የነገረን መስሎት የማሽኑን ጥፋት አንድም ሳያጓድል ነግሮን ነበር። እኛ መስማት አልቻልንም እንጂ።

6ኛ. የሙከራ ገጽ አትሙ፤ በጣት ይነበብ። ማንኛውም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ከላይ የጻፍናቸውን ሰባት የ«ለ» ቅርጾች፣ ቀጥሎም ፊደሉን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ፣ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቍጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦችን በአንድ ገጽ አትሙ። ገጹን ብሬል የሚያውቅ ዓይነ ስውር ሰው ያንብበው። ደኅና ነው ካለ በኋላ የማስተካከያውን ቍጥር ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ አንዱን ቅጂም ማሽኑ ላይ ለጥፉ። ሠራተኛ ይለወጣል፤ ኮምፒዩተርም ይበላሻል፤ ደብተሩ ግን ይቀራል።

ስሕተትን በምልክቱ ማወቅ

ሐኪም በሽታን በምልክቱ እንደሚለይ የማሽንም ጥፋት በምልክቱ ይለያል።

ረጅም መስመርና አጭር መስመር እየተፈራረቁ ከወጡ የመስመሩ ልክ አልተስማማም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ 40 ሴል ልኮ ማሽኑ 32 ብቻ የሚቀበል ከሆነ የቀሩት 8 ሴሎች በሚቀጥለው መስመር ብቻቸውን ይወድቃሉ።

አንድ ገጽ ሞልቶ ቀጣዩ ሁለት መስመር ብቻ ይዞ ባዶ ከቀረ የገጹ ቁመት አልተስማማም። ሶፍትዌሩ 27 መስመር ሲልክ ማሽኑ 25 ብቻ ይዟል፤ ሁለቱ ወደ አዲስ ገጽ ይሻገራሉ፤ ከዚያም ገጽ ቀይር የሚለው ምልክት ይመጣና የቀረው ወረቀት ይባክናል።

የግዕዝ ፊደላትና ቍጥሮች ብቻ ከተበላሹ በ5ኛው ደረጃ የተናገርነው የሠንጠረዥ አለመስማማት ነው።

ሁሉም ነገር ከተበላሸ ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆኑን፣ የተመረጠው ቋንቋ አማርኛ መሆኑንና ትርጕሙ ሁለት ጊዜ አለመደረጉን መርምሩ።

ነጥቡ ትክክል ሆኖ ለጣት የማይሰማ ከሆነ ጥፋቱ የወረቀቱ ወይም የመውጊያው ኀይል ነው። ተራው የቢሮ ወረቀት ነጥብ አይዝም፤ ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ወረቀት ያስፈልጋል። እንደ ሐረና ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ነጥቡም በቶሎ ይተኛል። ስለዚህ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማኖር፣ የታተመውንም ጥራዝ ሌላ ነገር ሳይጫንበት አቁሞ ማስቀመጥ ይገባል።

ሁለት ቋንቋ በአንድ ማሽን

በባሌ ይህ ሥራ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በአካባቢውም ልጆች ትምህርታቸውን የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንዱ ማሽን ጠዋት አማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ አፋን ኦሮሞ ሊያትም ይችላል።

አደጋው ይህ ነው። ሠራተኛው ላቲን ነው ብሎ የታጠረውን እንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ቢመርጥ ሶፍትዌሩ ኦሮምኛውን እንደ እንግሊዝኛ ያሳጥረዋል። መምህር ማለት የሆነው «ባርሲሳ» ሲጻፍ ኤ እና አር ጎን ለጎን ስለሚመጡ በአንድ ሴል ይጠቀለላሉ፤ ልጁም ያን ምልክት ስላልተማረው አያነበውም። ስለዚህ ለአፋን ኦሮሞ ያልታጠረ ሠንጠረዥ ይመረጥ። ሁዻ የሚባለው ጭረትም በተቈለመመ የጥቅስ ምልክት ሳይሆን ቀጥ ባለው ይጻፍ፤ አለዚያ ጥቅስ የተዘጋ ያስመስላል። እኛም ለሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎችን አስቀምጠን እያንዳንዱን በስሙ ሰይመነዋል።

ስለ ፈቃድም አንድ ቃል እንጨምር። የሌላ ሰው መጽሐፍ በብሬል ሲታተም የባለ መብቱ ነገር ይነሣል። ዓይነ ስውራን መጻሕፍትን እንዲያገኙ የሚያግዘው የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሟል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች። ይህ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት ታላቅ በር ነው። ቢሆንም ከማተም በፊት ሕጉን ማወቅና ከአሳታሚው ጋር መነጋገር መልካም ነው።

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ስንሰብክ የምናስበው ፊልጶስ ስለ ሰጠው ትርጓሜ ነው። ነገር ግን ከትርጓሜው በፊት መጽሐፉ በሰውዬው እጅ ነበር፤ ጽሑፉም የሚነበብ ነበር። ፊልጶስም ሮጦ ቀረበና የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። እኛ በአንገቱ መጽሐፍ ሰጥተን ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ሦስት ወር ዘገየን።

ጌታችንም በኢያሪኮ መንገድ በርጤሜዎስን ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠይቆታል። ዓይነ ስውር ምን እንደሚፈልግ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ጌታ ግን ከአፉ ሊሰማ ወደደ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ድምፁን ለይቶ ስለማያሰማ የዜማ ዕቃና መለከት ያስተምራል። ጆሮ ያልለየውን ድምፅ ልብ ሊከተለው አይችልም፤ ነጥቡ ለጣት ካልተለየም እንዲሁ ነው። የዘዳግም 27 ሕግም ዕውርን ከመንገድ የሚያስትን ሰው ይረግማል። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ያነበብነው ክፉ ሰዎችን እያሰብን ነበር። አሁን ግን በቸልተኝነት የታተመ ገጽም መንገድ ሊያስት እንደሚችል ተረድተናል።

ስለዚህ በሥራችን ሦስት ነገር ለውጠናል። አንደኛ፣ ብሬል የሚያውቅ ዓይነ ስውር አራሚ ሳያነበው ማንኛውም ጽሑፍ ከቢሯችን አይወጣም፤ ለአራሚውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ደመወዝ ይከፈለዋል። ሁለተኛ፣ ማሽን ስንገዛ የሥልጠናና የወረቀት ወጪ አብሮ ይታሰባል፤ ስጦታው ተፈጸመ የሚባለው ሰው ሲያነበው ነው እንጂ ሣጥኑ ሲደርስ አይደለም። ሦስተኛ፣ ጽሑፍ በላክን በወሩ አንድ ሰው ሄዶ አንባቢውን ይጠይቃል።

ለአንገቱ ወንድማችን ትምህርቱን እንደገና አትመን ራሳችን ወሰድንለት፤ ይቅርታም ለመንነው። የመጀመሪያውን ገጽ ቀስ እያለ ዳሰሰ። ሰላም የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመና ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ አነበበው። ከዚያም ባለቤቱን ጠርቶ፣ «እኔ አይደለሁም፤ አልረሳሁም» አላት። በሚቀጥለውም ሰንበት ከገጹ እያነበበ አስተማረ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ወንድማችን ጽሑፉ እንደ ተበላሸ ከመናገር ይልቅ ራሱን የወቀሰው ለምንድን ነው? ዕርዳታ የሚቀበሉ ሰዎች እውነቱን በነጻነት እንዲነግሩን ምን ማድረግ ይገባናል?
2. ከጉባኤያችሁ መካከል ማየት የተሳነው ሰው አለን? ቃሉን የሚያገኘው እንዴት ነው? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁን?
3. ሰጥተን ፍሬውን ሳንመለከት የቀረ ስጦታ አለን? አሁን ምን ልናደርግለት እንችላለን?

ለጸሎት

በአንገቱ፣ በጎባ፣ በሮቤና በባሌ ደጋ ሁሉ ስላሉት ዓይነ ስውራን ልጆች ጸልዩ፤ የሚማሩበት ትምህርት ቤትና የሚያነቡት መጽሐፍ እንዲያገኙ። በትዕግሥት ገጽ በገጽ ስለሚያርሙት አራሚዎቻችን ጸልዩ። ስለ እኛም ጸልዩ፤ የማናውቀውን ለመጠየቅ እንዳናፍር፣ የሚነግሩንንም እንድንሰማ።

ጌታ እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።